የኢንተርኔት ጨዋታ ለምን ይንቀራፈፋል? በዱከምና በአካባቢዋ ቤቶች የመስመር መዘግየት መንስኤና መላው

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ዱከም በምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን፣ በሥጋ ቤቶቿና ወደ ጅቡቲ በሚያመራው አውራ ጎዳና ትታወቃለች። በአዲስ አበባ ዙሪያ እንደሚገኙት እንደ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ሁሉ፣ ቀን አዲስ አበባ ውለው ማታ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ የመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያም ናት። ኢንተርኔት በእነዚህ ከተሞች ወደ መኖሪያ ቤቶች እየገባ ሲመጣ አንድ ቅሬታም አብሮት ገብቷል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ልጆች በኢንተርኔት የእግር ኳስ ወይም የተኩስ ጨዋታ ሲጀምሩ ምስሉ ይደናቀፋል፤ የተጫኑት ቁልፍ ዘግይቶ ይሠራል፤ ግብ ጠባቂው ኳሱ መረብ ከነካ በኋላ ይወረወራል። ወጣቶቹ በራሳቸው አነጋገር «ላግ አደረገ» የሚሉት ይህንኑ ነው።

ወላጅ ለዚህ ቅሬታ የሚሰጠው ምላሽ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ጨዋታው የጥናት ጊዜ ማባከኛ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ወይ ደግሞ ከፍ ያለ ፍጥነት ያለው ጥቅል ይገዛል። ሁለተኛው ምላሽ በየወሩ ከደመወዝ ላይ የሚቀነስ ወጪ ከመሆኑም በላይ በአብዛኛው ችግሩን አይፈታውም። የመጀመሪያውም ቢሆን ጉዳት አለው፤ በልጆች ጨዋታ ላይ የሚታየው መንቀራፈፍ በዚያው ቤት የሚደረገውን የቪዲዮ ስብሰባና የድምፅ ጥሪ የሚያቆራርጠው ያው ጉድለት ነውና። ጨዋታ ከሌሎች አገልግሎቶች ቀድሞ የመስመርን ሕመም ያሳያል እንጂ የተለየ ሕመም የለውም።

ፍጥነት ሌላ፣ መዘግየት ሌላ

የኢንተርኔት ደንበኞች ውል ሲገቡ የሚነገራቸው ቁጥር በሰከንድ ስንት ሜጋ ቢት እንደሚያገኙ የሚገልጽ ነው። ይህ ቁጥር የሚናገረው ስለ መስመሩ ስፋት እንጂ አንድ መልእክት ደርሶ እስኪመለስ ስለሚወስደው ጊዜ አይደለም። በዱከም አቅራቢያ የሚያልፈው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ልዩነቱን ለማስረዳት ይረዳል። መንገዱ በአጠቃላይ ስድስት ረድፍ አለው። ረድፎቹ ወደ አሥራ ሁለት ቢያድጉ በአንድ ጊዜ የሚያልፈው ተሽከርካሪ ይጨምራል፤ አንድ ሾፌር ባዶ መንገድ ላይ አዳማ ለመድረስ የሚፈጅበት ደቂቃ ግን አይቀንስም። የሜጋ ቢት ቁጥር የረድፎቹ ብዛት ነው፤ መዘግየት ደግሞ የጉዞው ደቂቃ ነው።

ፊልም የሚያይ ሰው ስፋት ያስፈልገዋል፤ ምስሉ ጥቂት ሰከንድ ቀድሞ ስለሚከማችለት መዘግየቱ አይታወቀውም። የኢንተርኔት ጨዋታ ግን ፍላጎቱ የተገላቢጦሽ ነው። አብዛኛው ጨዋታ በሚካሄድበት ወቅት የሚልከውና የሚቀበለው መረጃ በሰከንድ ከጥቂት መቶ ኪሎ ቢት አይበልጥም። ይህን ያህል አነስተኛው ጥቅል እንኳ ይችለዋል። ከፍተኛ ስፋት የሚጠይቀው ጨዋታውን መጫንና በየጊዜው የሚወጣውን ማሻሻያ ማውረድ ሲሆን፣ ይህ ማሻሻያ በአሥሮች የሚቆጠር ጊጋ ባይት ሊደርስ ስለሚችል ሌሊት ሰው ሲተኛ ቢወርድ ይመረጣል።

የጨዋታን ጥራት የሚወስኑት ሦስት ልኬቶች ናቸው። አንደኛው መዘግየት ነው፤ የተላከ ፓኬት ደርሶ መልሱ እስኪመጣ የሚያልፈው ጊዜ በሚሊ ሰከንድ ማለትም በሰከንድ አንድ ሺህኛ ይለካል። ሁለተኛው የመዘግየቱ መዋዠቅ፣ ሦስተኛው በመንገድ ላይ የሚጠፋው ፓኬት ድርሻ ነው። ከሦስቱ መዋዠቁ ይከፋል። መዘግየቱ ሁልጊዜ 120 ሚሊ ሰከንድ ከሆነ ተጫዋቹ እጁን ያለማምደዋል፤ አንዴ 40፣ አንዴ 600 የሚሆን ከሆነ ግን ልምምድ አያድነውም።

ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጂ.114 በተሰኘው ምክረ ሐሳቡ ለድምፅ ግንኙነት በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊ ሰከንድ የማይበልጥ መዘግየት እንዲኖር ይመክራል። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ በተዘረጋው የወረዳኔት የቪዲዮ ስብሰባ የተካፈሉ የመንግሥት ሠራተኞች ይህን ቁጥር ሳያውቁት ያውቁታል። በሳተላይት በሚገናኙት ጣቢያዎች አንዱ ተናግሮ ሲጨርስ ሌላው ወገን እስኪሰማ የነበረችው ዝምታ፣ ሁለት ሰው በአንድ ላይ ጀምሮ በአንድ ላይ የሚያቆመውም ከዚህ የተነሣ ነበር። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ስለሚገኝ የአንድ ጥያቄና መልስ ጉዞ ከ480 ሚሊ ሰከንድ በታች ሊወርድ አይችልም። መስመሩን ማስፋት ይህንን አንድ ሚሊ ሰከንድ አይቀንሰውም።

ከመጠገን በፊት መለካት

መዘግየት በሦስት ቦታ ይፈጠራል፤ በቤት ውስጥ፣ ከቤት እስከ አገልግሎት ሰጪው ባለው መስመር፣ ከአገር ውጭ ባለው ጉዞ። የመጀመሪያው በባለቤቱ እጅ ነው። ሁለተኛው የአገልግሎት ሰጪው ኃላፊነት ነው። ሦስተኛውን ማንም በአንድ ሌሊት አይለውጠውም። የትኛው እንደሆነ ሳይለይ ገንዘብ ማውጣት ሐኪም ሳያዩ መድኃኒት እንደመግዛት ነው።

መለያው መሣሪያ በነጻ የሚገኝ ሲሆን ስሙም ፒንግ ይባላል። ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1983 የጻፈው ይህ አነስተኛ ፕሮግራም በማንኛውም ኮምፒዩተር ላይ ይገኛል፤ ለስልክም በነጻ የሚጫኑ ተመሳሳይ ፕሮግራሞች አሉ። በመጀመሪያ የፒንግ ትእዛዝ ወደ ራሱ ወደ ቤቱ ራውተር ይላካል፤ አድራሻው በአብዛኛው 192.168.1.1 ሲሆን ከመሣሪያው ጀርባ ተለጥፎ ይገኛል። በኬብል የተያያዘ ኮምፒዩተር ከራውተሩ መልስ የሚያገኘው በአንድ ወይም በሁለት ሚሊ ሰከንድ ነው። በዋይፋይ ከሆነ እስከ 10 ቢደርስ አያሳስብም። ቁጥሩ በየጥቂት ሴኮንዱ 80፣ 200፣ 400 እያለ የሚዘል ከሆነ ግን ጥፋቱ ገና ከሳሎን አልወጣም፤ ወደ አገልግሎት ሰጪው መደወሉ ለጊዜው ከንቱ ነው።

የራውተሩ መልስ የተረጋጋ ከሆነ ቀጥሎ በውጭ ወዳለ የታወቀ አድራሻ፣ ለምሳሌ ወደ ጉግል 8.8.8.8፣ ይላካል። ይህ ልኬት ማለዳ ሁሉም ሳይነሣና ማታ ሁሉም ሲጠቀም፣ ሁለት ጊዜ ተወስዶ ሊመዘገብ ይገባል። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ስፒድ ቴስትም ቢሆን ከፍጥነቱ ቁጥር በታች ሦስት የመዘግየት ቁጥሮችን ያሳያል፤ መስመሩ ባዶ ሳለ፣ ሲያወርድና ሲልክ። ሰው ትልቁን ቁጥር ብቻ አይቶ ይዘጋዋል እንጂ ምስጢሩ ያለው በእነዚህ ትንንሽ ቁጥሮች ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ስፒድ ቴስት የሚለካው ለተጠቃሚው ቅርብ ወደሆነ ጣቢያ በመሆኑ፣ እዚያ ላይ መልካም የታየ መስመር ጨዋታው ሰርቨር ወዳለበት ሩቅ አገር ሲደርስ መልካም ላይሆን ይችላል።

በቤት ውስጥ

ቁጥሩ ጥፋቱን ቤት ውስጥ ካገኘው መፍትሔው ርካሽ ነው። ከሁሉ የሚቀድመው የኔትወርክ ኬብል መዘርጋት ነው። አንድ የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ስለሚያገለግል ለአንድ ግቢ ከበቂ በላይ ነው፤ ኮምፒዩተርም ሆነ ፕሌይስቴሽን የኬብል መሰኪያ አላቸው። በኮንዶሚኒየም ቤቶች ዋይፋይ የሚቸገረው ከግድግዳው ኮንክሪትና ብረት ሌላ በላይ፣ በታችና በጎን ያሉት ጎረቤቶች ራውተሮች ሁሉ በአንድ የሬዲዮ መስመር ስለሚሻሙ ነው። በ2.4 ጊጋ ኸርትዝ ላይ እርስ በርሳቸው የማይደራረቡት 1ኛው፣ 6ኛውና 11ኛው መስመሮች ብቻ ናቸው። ስልኩና ራውተሩ የሚፈቅዱ ከሆነ ወደ 5 ጊጋ ኸርትዝ መዛወር ይሻላል፤ ይህ ሞገድ ግድግዳ አጥብቆ ስለማያልፍ የጎረቤትም ጩኸት ወደ ቤት አይገባም፤ በዚያው ልክ ግን መሣሪያውና ተጫዋቹ በአንድ ክፍል ቢሆኑ ይመረጣል።

በቆርቆሮ በተሠሩ ቤቶች ነገሩ ሌላ ነው። ብረት የሬዲዮ ሞገድን አያሳልፍም፤ ይመልሰዋል። በመሆኑም በሲም ካርድ የሚሠራ የ4ጂ ራውተር በቁም ሣጥን ላይ ወይም በቴሌቪዥን ጀርባ ተቀምጦ ጥሩ መቀበል አይችልም። ግንብ የሌለው፣ ወደ አንቴናው ማማ የሚያይ መስኮት ተፈልጎ በዚያ ላይ ሊቀመጥና በራውተሩ ላይ ያለው የሲግናል መብራት ወይም ቁጥር እየታየ ቦታው ሊመረጥ ይገባል። በገበያ ላይ የሚሸጡ የዋይፋይ ማራዘሚያዎች ሽፋኑን ያሰፋሉ፤ አብዛኞቹ ግን የሰሙትን መልሰው በዚያው ሞገድ ስለሚናገሩ መዘግየትን ይጨምራሉ። ለጨዋታ ሲባል መግዛታቸው አይመከርም።

የኤሌክትሪክ ኃይል ነገርም ሊዘነጋ አይገባም። ኃይል ለአንድ ሴኮንድ ብልጭ ብሎ ቢመለስ ራውተሩ ተነሥቶ እስኪገናኝ ደቂቃዎች ያልፋሉ፤ ተጫዋቹም በዚያ መካከል ተሸንፏል። ለራውተር ብቻ ተብሎ የተሠራ አነስተኛ ዩፒኤስ ይህን ያቃልላል።

ታናሽ እኅት ፎቶ ስትልክ

በዚህ ጉዳይ ላይ በጣም የሚዘነጋው፣ ነገር ግን በአብዛኛው ቤት ዋናው መንስኤ የሚከተለው ነው። በምሳሌነት አንድ የዱከም ቤት ይወሰድ። ልጁ ኳስ ይጫወታል፤ ታናሽ እኅቱ ስልኳን ስታገናኝ የቀኑ ፎቶዎችና ቪዲዮዎች ማንም ሳያዛቸው ወደ ኢንተርኔት ማከማቻ መላክ ይጀምራሉ። በዚያች ቅጽበት የጨዋታው መዘግየት ከ130 ወደ 2 ሺህ ሚሊ ሰከንድ ይወጣል። ስልኩ ልኮ ሲጨርስ ሁሉም ይስተካከላል። ልጁም ኔትወርኩ በራሱ ፈቃድ የሚመጣና የሚሄድ ይመስለዋል።

ምክንያቱ በራውተሩ ውስጥ ያለው የወረፋ ማቆያ ነው። መሣሪያው ሊልክ ከሚችለው በላይ ፓኬት ሲመጣበት ላለመጣል ሲል በማቆያው ያሰልፋል። ማቆያው 256 ኪሎ ባይት ይይዛል፣ የመላኪያው ፍጥነት ደግሞ በሰከንድ 1 ሜጋ ቢት ነው ቢባል፣ ወረፋው ሲሞላ መጨረሻ የመጣው ፓኬት ሁለት ሰከንድ ያህል ይጠብቃል። የክፍያ ጣቢያ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ሲኖትራኮች ተሰልፈው አንድ አምቡላንስ ከኋላ እንደመጣ ያህል ነው፤ የጨዋታው ፓኬት አነስተኛና ቸኳይ ቢሆንም ፎቶዎቹ እስኪያልፉ ተራውን ይጠብቃል። የመላኪያው መስመር ከማውረጃው ይልቅ ጠባብ በሆነባቸው አገልግሎቶች ችግሩ ይብሳል።

ይህ ጉድለት ስም ያገኘውም በቤት ውስጥ ነው። በቤል ላብስ ይሠራ የነበረው ጂም ጌቲስ የተባለ የኢንተርኔት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2010 ከቤቱ ሆኖ ትልቅ ፋይል በሚልክበት ጊዜ ልጆቹ ኢንተርኔቱ ዘገየ እያሉ ያማርሩ እንደነበር አስተዋለ። መርምሮም የመሣሪያ አምራቾች ፓኬት እንዳይጠፋ በማሰብ ማቆያዎችን ያለ ልክ እያተለቁ መምጣታቸውን ደረሰበት፤ «በፈርብሎት» ማለትም የማቆያ ማበጥ የሚል ስያሜም ወጣለት። ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ2012 ኮደል የተባለውን የወረፋ ማስተዳደሪያ ዘዴ ይፋ አደረጉ። ከዚያ የተገኘውና ለእያንዳንዱ የመረጃ ፍሰት የየራሱን ወረፋ የሚከፍተው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2018 በኢንተርኔት መመዘኛዎች ሰነድ ቁጥር 8290 ታትሟል። የኢንተርኔትን ዘገምተኛነት ሊቃውንት ከመለየታቸው በፊት የለዩት ልጆች መሆናቸው እዚህ ላይ ልብ ሊባል ይገባል።

መድኃኒቱ ለማመን የሚያስቸግር ቢሆንም መስመሩን በፈቃድ ማጥበብ ነው። ራውተሩ የወረፋ ማስተዳደሪያ ካለው የመላኪያና የማውረጃ ጣሪያው በተለካው እውነተኛ ፍጥነት ከ85 እስከ 95 በመቶ ላይ እንዲወሰን ይደረጋል። በዚህ ጊዜ ወረፋው ሊቆጣጠሩት በማይችሉት የውጭ መሣሪያ ላይ ሳይሆን በቤቱ ራውተር ላይ ይፈጠራል፤ ራውተሩም ትንንሾቹን ፓኬቶች አስቀድሞ ያሳልፋል። ከፍጥነቱ ጥቂት ይቀነሳል፤ ከመዘግየቱ ግን ብዙ። በሲም ካርድ በሚሠሩ መስመሮች ፍጥነቱ ከሰዓት ሰዓት ስለሚለያይ ጣሪያው በማታው ዝቅተኛ ልኬት ላይ ተመሥርቶ ሊቀመጥ ይገባል።

ከአገልግሎት ሰጪው ጋር የሚመጡት መሣሪያዎች ሁሉ ይህ ችሎታ የላቸውም። በሌላቸው ዘንድ ለእያንዳንዱ ስልክ የፍጥነት ገደብ የሚሰጥ ምርጫ መኖሩን መመልከት፣ ያም ከሌለ የፎቶዎችን በራስ የመላክ ተግባር በስልኩ ላይ ማጥፋት ወይም ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንዲሆን ማዘዝ ይቻላል። ገንዘብ የማይጠይቅና ብዙ ቤት የሚበቃው መፍትሔ ይህ የመጨረሻው ነው።

ከቤት ውጭ

ቤቱ ጸድቶ ሁሉም መሣሪያ ጸጥ ብሎ፣ በኬብል ሲለካ አሁንም የሚዋዥቅ ከሆነ ነገሩ የአገልግሎት ሰጪው ነው። ፋይበር እስከ ቤት የገባለት ደንበኛ በዚህኛው የጉዞ ክፍል የሚያጣው ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ብቻ ሲሆን በ4ጂ የሚጠቀመው ግን በማማው ላይ ያለው ተጠቃሚ ሲበዛ ወረፋ ይይዛል። ማለዳ 60 የነበረው መዘግየት ማታ 300 የሚሆነው በአብዛኛው በዚህ ነው። በመዳብ ሽቦ በሚመጣው መስመር ደግሞ ዝናብ የገባበት መጋጠሚያ ፓኬት ያጠፋል፤ መስመሩ ክረምት ላይ የሚብስበት ደንበኛ ይህን መጠርጠር አለበት። በመንገድና በግንባታ ሥራ የሚቆረጡ የፋይበር መስመሮችም የታወቀ ችግር ናቸው።

አቤቱታ ሲቀርብ «ኢንተርኔቱ ደካማ ነው» ከማለት ይልቅ ቀን፣ ሰዓት፣ የራውተሩ ልኬትና የውጭው ልኬት ተመዝግቦ ቢቀርብ ባለሙያው ነገሩን ወዲያው ይረዳል። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች በ994፣ የሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ደንበኞች በ700 ያመለክታሉ። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመ ተቆጣጣሪ አካል ሲሆን፣ አገልግሎት ሰጪው ያልፈታው ቅሬታ በቀጣይ የሚቀርበው ለዚሁ መሥሪያ ቤት ነው። ያለ ልኬት የቀረበ ቅሬታ በየትኛውም ጠረጴዛ ላይ ደካማ ነው።

ከባሕር ማዶ

ኢትዮጵያ ወደብ የሌላት አገር እንደመሆኗ የኢንተርኔት መስመሯ በጎረቤት አገሮች፣ በተለይ በጅቡቲ በኩል ወጥቶ ወደ ባሕር ውስጥ ገመዶች ይገባል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ይህም ለእያንዳንዱ 1 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት የደርሶ መልስ ጉዞው 10 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል ማለት ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ ከ5,300 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ገመዱ እንደ ወፍ ቢበር እንኳ መዘግየቱ ከ53 ሚሊ ሰከንድ አያንስም። ገመዱ ግን ቀይ ባሕርንና ሜድትራንያንን ተከትሎ ስለሚዞር በእውነቱ ከ100 ያልፋል። ሁለት የዱከም ጎረቤታሞች እርስ በርስ ሲጫወቱም ሰርቨሩ አውሮፓ ከሆነ የአንዱ ምት ሌላው ቤት የሚደርሰው አውሮፓ ደርሶ ነው።

በዚህ ክፍል ተጫዋቹ ያለው ሥልጣን የሰርቨሩን ክልል መምረጥ ነው። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2019 በባሕሬን፣ በ2020 በኬፕታውን፣ በ2022 በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ፤ ማይክሮሶፍት ደግሞ በ2019 በደቡብ አፍሪካ ትልልቅ የመረጃ ማዕከላትን ከፍተዋል። ጨዋታው በማስተካከያ ገጹ ላይ መካከለኛው ምሥራቅን፣ አፍሪካንና አውሮፓን የሚያስመርጥ ከሆነ ሁሉንም በየተራ ለክቶ ዝቅተኛና የተረጋጋውን መውሰድ ይገባል። በካርታ ላይ ቅርብ የሚመስለው ሁልጊዜ ቅርብ አይደለም፤ የፓኬቱ መንገድ በገመዱ እንጂ በካርታው አይወሰንም። በስልክ ላይ ቪፒኤን ከፍቶ መርሳት ደግሞ ፓኬቱን በሌላ አገር በኩል ያዞረዋል። ጨዋታ አፋጣኝ እየተባሉ በክፍያ የሚሸጡ ፕሮግራሞችም አልፎ አልፎ የተሻለ መንገድ ቢያገኙ እንጂ ርቀትን ሊያሳጥሩ አይችሉም።

የባሕሩ ገመድ ሲቆረጥ ምንም የቤት ውስጥ ጥገና አይረዳም። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ሩቢማር የተባለችው በጥቃት የተጎዳች መርከብ መልሕቋን እየጎተተች ሳለ በቀይ ባሕር ውስጥ ኤኤኢ-1፣ ሲኮም እና ኢአይጂ የተባሉት ገመዶች ተቆርጠዋል፤ ሦስቱም ጅቡቲን የሚነኩ ናቸው። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. በጅዳ አቅራቢያ ገመዶች በተቆረጡ ጊዜም ማይክሮሶፍት በመካከለኛው ምሥራቅ በኩል የሚያልፈው ግንኙነቱ መዘግየቱን አስታውቆ ነበር። በእንዲህ ያለው ጊዜ ኢንተርኔቱ አይጠፋም፤ ስፒድ ቴስትም ደኅና ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ፓኬቶቹ ግን በረዥሙ ዙሪያ መንገድ ይሄዳሉ፤ ያንንም ቀድሞ የሚያውቀው ተጫዋቹ ነው።

በመሥሪያ ቤት ግዥ

ወላጅ በቤቱ የሚሠራው ስሕተት በመሥሪያ ቤትም ይደገማል። የኢንተርኔት አገልግሎት ግዥ ሰነድ «ይህን ያህል ሜጋ ቢት» ብቻ ብሎ ከወጣ አቅራቢው የሚጠየቅበት ቁጥርም ያው ብቻ ነው። የቪዲዮ ስብሰባው ሲቆራረጥ የመሥሪያ ቤቱ ምላሽ ሜጋ ቢቱን በእጥፍ ማሳደግ ይሆናል፤ ስብሰባው ግን ያንኑ ያህል ይቆራረጣል፤ በዚያ ሰዓት በሌላ ክፍል አንድ ኮምፒዩተር ከባድ ፋይል እየላከ ነበርና። በሰነዱ ውስጥ ከስፋቱ ጎን ከፍተኛው መዘግየት፣ የመዋዠቁ ጣሪያና የሚጠፋው ፓኬት ድርሻ፣ እንዲሁም ልኬቱ በየትኛው የሥራ ሰዓትና ወደ የትኛው አድራሻ እንደሚወሰድ ቢጻፍ ርክክቡ በእነዚህ ቁጥሮች ሊፈጸም ይችላል። መስመሩ በተሞላበት ሰዓት የሚወሰድ ልኬት በተለይ ሊካተት ይገባል፤ ባዶ መስመር ላይ የማያምር ቁጥር የለም።

ቤቱ ተስተካክሎ፣ መስመሩ ተፈትሾ፣ የተሻለው ሰርቨር ተመርጦ አሁንም 140 ሚሊ ሰከንድ የሚታይበት የዱከም ተጫዋች የደረሰው በተፈጥሮ ወሰን ላይ ነው። የተኩስ ጨዋታ በዚህ ቁጥር ይቸግራል። እግር ኳስ ቁጥሩ ካልዋዠቀ ይቻላል። በየተራ የሚካሄዱት እንደ ቼዝ ያሉት ደግሞ ግማሽ ሰከንድ ቢዘገዩም አይታወቅባቸውም።